መሐላ የተባለችው ልጅ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን ገና አላመንኩበትም። አንድ ሽማግሌ በአንዲት ሕፃን ስም ምክንያት እንዴት እንዳኮረፉና እንዴት እንደታረቁ ነው የሚናገረው፤ ሌላ ነገር የለውም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ደግሞስ የማይረሳ ሰው ተብሎ የሚጻፍለት ብዙውን ጊዜ የሞተ ሰው ነው። ጋሼ ምትኩ ግን በጣም ደህና ናቸው፤ ትናንት እንኳ ደውለው «ዛሬ አዲስ ሰው ተዋወቅሽ? ስሙን ጠየቅሽው? ትርጉሙንስ?» ብለውኛል። የሄዱትም ሩቅ አይደለም፤ እኛ ካለንበት ከኢስትሙር ሰፈር ወደ ሰሜን በሀይዌይ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ከቤታችን ቀጥሎ ባለው በሳቸው ቤት ሣር ላይ «ተሽጧል» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ አየሁ። ያን ጊዜ፣ ባልጽፈው የሚቆጨኝ መሰለኝ።

ቤተሰቤ ዲቪ ደርሶት ኮሎምበስ ሲገባ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። በሁለተኛው ቀን በረዶ ጣለ። አባቴ በረዶ በምን እንደሚጠረግ ግራ ገብቶት በረንዳ ላይ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ሁለት አካፋ በትከሻቸው ይዘው ከጎረቤት መጡ። አንዱን ለአባቴ ሰጡትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስምሽ ማነው?»

«ትርሲት።»

«ትርጉሙስ?»

«አላውቀውም።»

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የማታውቂውን ነገር ተሸክመሽ ዞርሽ?» አሉና አካፋቸውን በረዶው ላይ ተከሉት። «ጌጥ ማለት ነው። ግዕዝ ነው። በይ ከዛሬ ጀምሮ ቀና ብለሽ ሂጂ።»

ጋሼ ምትኩ እንዲህ ነበሩ። ስም ጠይቀው ትርጉሙን ሳይጠይቁ የቀሩበትን ጊዜ አላስታውስም። ሥራቸው ከሪከንባከር የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ እየጫኑ ለመጋዘኖች ማድረስ ነበር፤ መኪናው የራሳቸው ነው። ለመኪናውም «ታገሠ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ቶሎ ስለማይነሳ። አንድ ቀን ከመጋዘኖቹ በአንዱ ውስጥ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳውን ጄደን የሚባል ወጣት የስሙን ትርጉም ይጠይቁታል። ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ መንዳቱን ይቀጥላል። በሳምንቱ ግን ሲደርሱ ከሩቅ አይቷቸው ፎርክሊፍቱን አቁሞ እየሮጠ መጣ፤ እናቱን ጠይቋት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ የሳቸው ሎድ፣ ማለት ጭነታቸው፣ ሁልጊዜ ቀድሞ ይወጣላቸው ነበር አሉ። እኔም ይህንን የሰማሁት ከሳቸው ስለሆነ ትንሽ ጨምረውበት ሊሆን ይችላል።

የራሳቸውን ስም ግን ሲናገሩ አይቀልዱም ነበር። እሳቸው ከመወለዳቸው በፊት አንድ ወንድም ነበራቸው፤ በሦስት ዓመቱ ሞተ። ስለዚህ ምትኩ ተባሉ።

«እናቴ በጠራችኝ ቁጥር የምታየው እሱን ነበር» አሉኝ አንድ ቀን፣ የታገሠን ዘይት እየለኩ። «ሰው ስሙን አይመርጥም፤ ተሸክሞት ነው የሚኖር። ስለዚህ ስም የምታወጪለት ሰው ሲኖርሽ፣ ሸክሙን መጀመሪያ ራስሽ አንሺና መዝኚው።»

ባለቤታቸው እትዬ ትርንጎ እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው ያረፉት። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው፤ ህሊና ትባላለች፤ ፋርማሲስት ናት። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ህሊና አብሯት የሚሠራ አኒል የሚባል ሕንዳዊ አገባች። ያገቡት ለማንም ሳይናገሩ በማዘጋጃ ቤት ፊርማ ነው። ለአባቷ የነገረቻቸው በቴክስት በላከችው ፎቶግራፍ ነበር። እሷ «ቀድሜ ብነግረው እንቢ ይላል» ትል ነበር። እሳቸው ደግሞ «ሳትጠይቀኝ እንቢ እንደምል በምን አወቀች?» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ይመስለኛል።

«ሕንድ መሆኑ አይደለም» አሉ ለአባቴ በዚያን ቀን። አባቴ ሣር እያጨደ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በአጥሩ ማዶ ውሃ ያጠጣሉ። «ለእኔ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሕንድ ናቸው፤ ማባዛት የምችለው በሳቸው ነው። ግን ስሙን ሳልጠይቀው አማቼ ሆነ። የአማቼን ስም ትርጉም ከኢንተርኔት ልፈልገው?»

«ታዲያ ፈለጉት?» አለ አባቴ።

«ፈለግሁት። አኒል ማለት ነፋስ ማለት ነው አሉ። በቃ፣ ልጄን ነፋስ ወሰዳት።»

አባቴ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። የውሃውን ጎማ ጣሉና እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «በሚካኤል እምላለሁ፤ ከእንግዲህ ደጇን ብረግጥ እግሬን ይቁረጠው።»

አባቴ የማጨጃውን ሞተር አጠፋ። «ኧረ ጋሼ፣ ይህን ቃል ይመልሱት።»

«ወጥቷል።»

አራት ዓመት እንደዚሁ ሄደ። ህሊና እሑድ እሑድ ከሰዓት ትደውላለች። ስልኩ ሲጠራ ጋሼ ስሟን ያዩና በፊቱ ይደፉታል። ማነው ብሎ የጠየቃቸው ሰው ካለ «ነፋስ ነው» ይላሉ። ነገር ግን እሑድ ከሰዓት ሎድ ይዘው ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም፤ ስልኩ በሚጠራበት ሰዓት ሁልጊዜ ቤታቸው ነበሩ።

ባለፈው ኅዳር ማለቂያ ላይ እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተር ፈተናዬን ልጨርስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ከጋሼ ጋር ደጃቸው ላይ በረዶ የሚያሟሟ ጨው ስንበትን እትዬ ዘነበች መጡ። እትዬ ዘነበች በቤታቸው በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ኮሎምበስ ውስጥ የወለደች ሐበሻ ካለች ገንፎ ይዘው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ያን ቀንም ከሆስፒታል እየተመለሱ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሽ ምትኩ። ሴት ናት።»

ጋሼ ጨው መበተናቸውን አላቆሙም። «እግዚአብሔር ያሳድጋት» አሉ፣ እንደ ሩቅ ሰው። አምስት ስድስት እፍኝ ያህል በተኑ። ከዚያ ግን አልቻሉም። «ስሟ ማነው?»

እትዬ ዘነበች የጓንታቸውን ጣት መጎተት ጀመሩ። «እንጃ። በደንብ እንኳ አልሰማሁትም።»

«ዘነበች፣ አንቺ ያልሰማሽው ነገር እዚህ አገር አልተነገረም።»

«መሐላ» አሉ እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው።

«ምን?»

«መሐላ። ሁለቴ ጠየቅኳት፤ ሁለቴም መሐላ ነው ያለችኝ። ውሸት ከሆነ ይቺ ምላሴ ትቆረጥ።»

«አንቺ ደግሞ አትማዪ» አሉ ጋሼ። የጨውን ባልዲ አስቀመጡና ቤታቸው ገቡ። ደጁ በግማሽ ጨው፣ በግማሽ በረዶ ሆኖ ቀረ፤ የቀረውን እኔ ጨረስኩት።

በማግስቱ ወደ ቤታችን መጡ። ፊታቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር።

«ጻፈችብኝ» አሉ፣ ሳይቀመጡ። «እኔ የማልኩትን በልጅ ላይ ጻፈችው። እኔን ብትሰድበኝ ይገባኛል። ግን ይህች ሕፃን ምን አደረገች? እኔ ስልሳ ሰባት ዓመት የሌላ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። እሷ ደግሞ ትምህርት ቤት ገብታ ስም ሲጠራ የአያቷን ክፉ ቃል ሰምታ አቤት ልትል ነው?»

«ምናልባት የሕንድ ስም ይሆናል፣ ጋሼ» አልኩ። «ልፈልገው? ለህሊና ቴክስት ላድርግላትና በምን ፊደል እንደሚጻፍ...»

«አታድርጊ።»

እሳቸውን ማስደሰት እፈልግ ስለነበር ሌላ መንገድ ፈለግሁ። የሰፈሩን ሰው ፎርም መሙላትና የመጣላቸውን ደብዳቤ ማንበብ የእኔ ሥራ ስለሆነ፣ ሁሉም ስልካቸውን ሳይጠይቁ ይሰጡኛል። እትዬ ዘነበች የሕፃኗን ፎቶግራፍ አንስተው ነበር፤ አልጋዋ ላይ ስሟ የተጻፈበት ካርድ ይታያል። መሐላ አይደለም፤ ሜኽላ ነው የሚለው። እትዬ ዘነበች «ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» አሉኝ። እውነትም በጆሮ ብዙ ልዩነት የለውም።

ማታውን የስም ድረ ገጾች ሳገላብጥ አመሸሁ። የአንዱን ፕሪንት አድርጌ፣ የሌሎቹን በእጄ ጽፌ፣ ሁለት ገጽ አዘጋጅቼ በማግስቱ ጠዋት ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋር ተቀመጡ።

«ሳንስክሪት ነው ይላል» አልኳቸው። «የድሮ የሕንድ ቋንቋ ነው። ዛሬ የሚበዛው በጸሎትና በመጽሐፍ ነው።»

«የሕንድ ግዕዝ በይኛ።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«ግዕዝ ከሆነ ይከበራል። ቀጥይ።»

«እዚህ ምን ያህል ሰው ይህንን ስም እንደሚያወጣ የሚያሳይ ሥዕል ነበር። ግን ባዶ ነው። በቂ መረጃ የለም ይላል። ከአንድ ሺህ ታዋቂ የሴት ስሞች ውስጥም የለችም።»

«ምትኩ ስንተኛ ነው?»

ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። «ምትኩም የለም።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ሰልፍ ውስጥ አልገባንም» አሉ። ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ትንሽ ተፈታ። «ዕድለኛ ቁጥር ምናምን የሚለው ምንድነው?»

«አንዱ ሦስት ይላል፤ አንዱ ሰባት ይላል። አይስማሙም።»

«ቁጥሩን ተዪው። ትርጉሙን አምጪ።»

ትርጉሙን በደንብ አዘጋጅቼ ነበር። እንግሊዝኛውን ሁለት መዝገበ ቃላት አይቼ ነው የተረጎምኩት፤ በትልቅ ፊደልም ጽፌው ነበር። «ቀበቶ» አልኳቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀበቶ።»

«አዎ ጋሼ። ወገብ ላይ የሚታሰረው።»

«ምን እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ። ፍሪጁ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ከሱ ጋር የሚነጋገሩ ይመስል ቀስ ብለው ተናገሩ። «ህሊና አሥር ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ቀበቶዬን ፈትቼባታለሁ። አልመታኋትም። እናቷ መሃል ገባች። ግን ፈትቻለሁ። አልረሳችውም ማለት ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንደዚያ አይመስለኝም...»

«ከመሐላ ወደ ቀበቶ ወረድን። ወረቀቱን ተዪልኝ፤ ሂጂ አጥኚ።»

ልረዳ ሄጄ አባስኩት። ሦስት ቀን ታገሠ ከቆመበት አልተነሳም፤ ጋሼ ሥራ አልወጡም። እሑድ ከሰዓት ስልካቸው ሲጠራ በመስኮት አየኋቸው፤ ደፍተውት ወደ ሌላ ክፍል ሄዱ። ፈተናዬን ከጨረስኩ በኋላ እንደገና ፍለጋ ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ የዚያ አገር የጥንት የድንጋይ ሐውልት ፎቶግራፍ አገኘሁ፤ ከሥሩ ይኸው ቃል ተጽፏል። ሐውልቱ የሴት ነው። ትርጉም እንደገና እንዳላበላሽ ፈርቼ ምንም ሳልናገር ስልኩን ሰጠኋቸው።

ስልኩን ከፊታቸው አርቀው ያዙት። አቀረቡት። እንደገና አራቁት።

«ይህንን ነው ቀበቶ ያልሽኝ?»

«እንግሊዝኛው እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ቀበቶ ዘለበት አለው። የዚህ ዘለበቱ የታለ?» በጣታቸው ወገቧን አሳዩኝ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። ጫፉ ደግሞ በጎን ወርዷል። ሰማይ ላይ ዝናብ ሲያባራ የሚወጣውን ምን እንለዋለን?»

«የማርያም መቀነት።»

«የማርያም ቀበቶ የሚል ሰው ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ይህ መቀነት ነው፣ አንቺ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ መቀነት ጠፋሽ?»

ከዚያ ጃኬታቸውን ለብሰው ወጡ። ተከተልኳቸው። ታገሠ ውስጥ ገብተው የጭነት ሰነድ ከሚያስቀምጡበት ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ነጭ መቀነት ነበር፤ ዳሩ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት አለው፤ ከማርጀቱ የተነሳ ቢጫ ሆኗል።

«የትርንጎ ነው» አሉ። «ከአገር ስንወጣ ህሊና ሦስት ዓመቷ ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ መኪና ላይ ለመውጣት ሕዝቡ ተጋፋ። ትርንጎ ልጅቱን በዚህ ከወገቧ ጋር አሰረቻት። እኔ በሌላ በኩል እጇን ይዣለሁ። ግፊያው ሲበረታ እጄ ለቀቀ። ይሄ ግን አልለቀቀም።»

መቀነቱን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት፤ ፈቱት፤ እንደገና ጠቀለሉት። «ህሊና ይህንን ታውቃለች። እናቷ ስንት ጊዜ ነግራታለች» አሉ።

እኔ «እንደውልላት?» አልኩ። «መጀመሪያ ቄሱን» አሉ።

መሐላ ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይ በሚካኤል ስም የተማለ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ፤ መንገዱን አጥተውት ሳይሆን ሰው አጠገባቸው እንዲኖር ስለፈለጉ ነው። ጋሼ ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረው አንድ መላ አግኝተው ነበር።

«አባ፣ እኔ የማልኩት ደጇን ብረግጥ ብዬ ነው። ቤታቸው ጋራዥ አለው፤ በቁልፍ ይከፈታል። በጋራዥ በኩል ብገባ ደጅ ረገጥኩ ይባላል?»

ቄሱ ጺማቸውን ያዙ። ሳቃቸውን እየዋጡ ይመስለኛል። «ምትኩ፣ መሐላ በጋራዥ አይፈታም።»

«በመስኮትስ?»

«በስልሳ ሰባት ዓመትህ?»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«የማይማለውን ስለማልህ ንስሐ ትገባለህ። በቁጣ ምለህ የልጅህን ደጅ ከመዝጋት፣ መሐላውን ማፍረስ ይሻላል። አርባ አንድ ስገድና በፊት ለፊት በር ግባ።»

ሰገዱ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፤ ጉልበታቸው እየታመመ ብዙ ቀን ፈጀባቸው። «እግሬን ሚካኤል ሳይቆርጠው አባ ሊጨርሱት ነው» ይሉ ነበር። የሚሄዱበትንም ቀን ራሳቸው መረጡ፦ ጥር 12፣ ሚካኤል። በስሙ ስለማሉ በቀኑ መሄድ አለባቸው። ለህሊና አልደወሉም። እኔን «ነይ ምስክር ሁኚኝ» ብለው ታገሠ ላይ ጫኑኝ፤ በዚያ ጠባብ ፀጥ ያለ መንገድ ላይ ያንን የሚያክል የጭነት መኪና ሲያቆሙ ጎረቤቶቹ ሁሉ ዕቃ የመጣላቸው መስሏቸው በመስኮት ያዩን ነበር።

ደወሉን እኔ ደወልኩ። ህሊና ሕፃኗን እንዳቀፈች ከፈተች። አባቷን አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋት። አራት ዓመት ሙሉ ምን ይባባሉ ይሆን እያልኩ ሳስብ የነበርኩት ነገር፣ በሩ ላይ ሲደርስ እንዲህ ሆነ፦

«አባዬ፣ ግባ እንጂ። ብርዱ ልጅቷ ላይ እየገባ ነው።»

ጋሼ እግራቸውን አዩ። «እግሬን ይቁረጠው ብዬ ምያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ኮሎምበስ ሁሉ ሰምቷል። የትኛውን እግርህን ብለህ ነው?»

«አልለየሁም።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ በግራ እግራቸው ገቡ። «ቀኙን ለነዳጅ መርገጫው እፈልገዋለሁ» አሉ።

ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። አኒል ሻይ ይዞ መጣና በአማርኛ «እንደምን አሉ» አላቸው፤ ሲለማመደው የቆየ ይመስላል። ጋሼ ሕፃኗን ታቅፈው ለረጅም ጊዜ ፊቷን ብቻ አዩ።

«ስሟን ማን አላችኋት?» አሉ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«ሜኽላ» አለች ህሊና።

«ትርጉሟን ነግረውኛል።»

«ምን አሉህ?»

«ቀበቶ» አሉ ወደ እኔ እያዩ። ምድር ብትከፈት በገባሁ።

ህሊና ሳቀች። «መቀነት ነው፣ አባዬ።»

«አውቄአለሁ» አሉና ከጃኬታቸው ኪስ ያንን ፕላስቲክ አወጡ። ህሊና ሳቋ ቆመ። መቀነቱን ተቀብላ ዳሩን ዳሰሰችው፤ አንድ ቦታ ላይ የተሰፋ ቀዳዳ ነበረው፤ ጣቷ ሳታይ ነው ያገኘው።

«አኒል የሁለት አያቶቹን ስም ነገረኝ፤ ምረጪ አለኝ» አለች። «የዚችኛዋን ትርጉም ሲነግረኝ ሌላዋን አልጠየቅኩትም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስልክ ታነሳለህ?»

ጋሼ የሕፃኗን ብርድ ልብስ አስተካከሉ። ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር፤ ፈርተውት እንደቆዩ ያስታውቃል። «ሴትየዋ... አያትየው... ሞተዋል?»

«ኧረ በሕይወት አሉ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ትናንት በቪዲዮ ሲያዩዋት 'ይህች ጸጉር የላትም' ብለው አኒልን ሲቆጡት ነበር።»

ጋሼ ትንፋሻቸው ሲወጣ እኔ ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። «እንግዲያው ምትክ አይደለሽም» አሉ ሕፃኗን። «የራስሽ ወንበር አለሽ።»

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ነገር ግን ልንወጣ ስንል ጋሼ በደስታ ወደ ኋላ እያዩ እጃቸውን ሲያውለበልቡ፣ ደረጃው ላይ የቀረውን በረዶ ረገጡ። የወደቁበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አኒል በባዶ እግሩ ሮጦ ወጥቶ ብቻውን አነሳቸው።

«ልጄን የወሰዳት ነፋስ አሁን ደግሞ እኔን አነሳኝ» አሉ ጋሼ፣ ሕመሙ ፊታቸውን እያጨማደደው። ቀጥሎ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «የትኛው ነው?»

«ግራው» አልኩ።

«ሰምቶኛል» አሉ።

ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ በጄሶ ታሰረ። የኢስትሙሩ ቤታቸው መኝታ ክፍሉ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ጄሶው እስኪፈታ ህሊና ቤት እንዲቆዩ ተባለ። ደጇን አልረግጥም ያሉበት ቤት ውስጥ፣ ከምድር ቤቱ ክፍል አልጋ ተዘርግቶላቸው፣ ሕፃኗ ስታለቅስ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ሆኑ። አልጋዋ ራስጌ ላይ ደግሞ መቀነቱ ተጠምጥሟል።

እትዬ ዘነበች ገንፎ ይዘው ሊጠይቁ መጡ፤ ገንፎ የሚሠሩት ለወለደች ብቻ መስሎኝ ነበር። «ጋሽ ምትኩ፣ እግሬን ይቁረጠው ብለው አልነበረም?» አሉ፣ ጄሶውን በጣታቸው እያንኳኩ።

«ቅናሽ አደረገልኝ። ሰበረና ተወኝ።»

«እንግዲህ መሐላው ተፈታ በሉኛ።»

«አልተፈታም» አሉ ጋሼ። «እግሬ ታስሮ እያለ መሐላ ተፈታ አይባልም። ቅጣት ላይ ነኝ። በሁለት እግሬ ቆሜ በዚያ በር ስገባ ያን ጊዜ ነው የሚፈታ።»

ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ተነሳች። ቀኑ ኪዳነ ምሕረት ሆነ። ቄሱ የክርስትና ስሟን «ወለተ ኪዳን» አሏት። ከኋላዬ የቆሙት እትዬ ዘነበች ጎኔን ጎሸሙኝ። «ኪዳን ምንድነው? ቃል መግባት አይደለም? መሐላ ናት ብዬ ነበር እኮ» አሉ። ጋሼ ሰምተዋቸው በሳቅ ከዘራቸው ተንቀጠቀጠ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁሉም በጋራዥ ገባ። ጋሼ ግን ጄሶው ማክሰኞ ዕለት ስለተፈታላቸው በፊት ለፊት በር ካልሆነ አሉ። አኒል ከውስጥ ሮጦ በሩን ከፈተላቸው። ደረጃው ላይ በረዶ አልነበረም፤ በጠዋት ወጥቶ ጨው የበተነው እሱ ነው።

«ትርሲት፣ ቁሚና እዪ» አሉኝ።

ከዘራውን ለእኔ ሰጡኝ። ቀኝ እግራቸውን አስገቡ፤ ከዚያ ግራውን። ወለሉ ላይ ሁለቱን አጋጥመው ቆሙና፣ አዲስ ጫማ እንደሚለካ ሰው አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ አሉ።

«አሁን ተፈታ» አሉ። «እንግዲህ ጻፊው። እኔ ስም እንጂ ቀን መያዝ አልችልበትም፤ ቀኑን አትርሺብኝ።»

የካቲት 16 ነበር።